የወዳጅነት ማስታወሻ ምንድን ነው? ያረፈ የሮክ ሙዚቀኛን በጓደኛው ዓይን መጻፍ

ታዋቂ የሮክ ሙዚቀኛ ሲሞት ስለ እሱ መጻፍ የሚፈልገው ብዙ ነው። ጋዜጠኛው ቃለ መጠይቆችን ሰብስቦ የሕይወት ታሪኩን ያዘጋጃል፤ ሃያሲው አልበሞቹን አንድ በአንድ ይተነትናል፤ ማናጀሩ የኮንትራቱንና የገንዘቡን ጉድ ያወጣል። ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ የሚቆመው ግን ጓደኛው የሚጽፈው ነው። የወዳጅነት ማስታወሻ የምንለው ይህንኑ ነው፤ በሕይወት የቀረው ወዳጅ ከሟቹ ጋር ያሳለፈውን ዘመን፣ ራሱ ባየውና በሰማው ልክ የሚተርክበት መጽሐፍ።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከልደት እስከ ሞት ያለውን የመሸፈን ግዴታ አለበት። ያላየውን ከሰነድ ይፈልጋል፤ ያልሰማውን ከምስክር ይጠይቃል። ወዳጁ ይህ ግዴታ የለበትም። ሟቹ ለሠላሳ ዓመት ዘፍኖ ከሆነና እሱ ያወቀው የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመታት ብቻ ከሆነ፣ መጽሐፉ ስለ አራቱ ዓመታት ነው። ለእኔ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ጉልበቱ ጠባብነቱ ነው። ጸሐፊው ካየው አልፎ ዝነኛውን ሰው በሙሉ ልተርክ ባለ ቁጥር፣ ከቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ ማንም ሊጽፈው የሚችለውን መጽሐፍ መጻፍ ይጀምራል።

ፒት ሾተንን እንውሰድ። ሾተንና በኋላ በቢትልስ ባንድ ዝነኛ የሆነው ጆን ሌኖን እንግሊዝ አገር ሊቨርፑል ውስጥ ዉልተን በሚባለው ሰፈር አብረው ያደጉ ልጆች ናቸው። በ1956 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሌኖን «ኳሪሜን» የተባለውን የትምህርት ቤት ባንድ ሲያቋቁም ጓደኛውን ይዞት ገባ። ሾተን ሙዚቃ አይችልም ነበር፤ የደረሰው መሣሪያ የልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ ነው። ያኔ በወጣቱ ዘንድ የገነነው የስኪፍል ሙዚቃ በቤት ዕቃ ጭምር ይሠራ ስለነበር፣ ወጣ ገባውን ቆርቆሮ በጣት እየፋቁ ምት ማውጣት የተለመደ ነበር። ሾተን ግን መድረክ መውጣቱን ፈጽሞ አልወደደውም። አንድ ግብዣ ላይ ሁለቱም ጠጥተው ሳለ ከባንዱ መውጣት እንደሚፈልግ ሲናገር፣ ሌኖን ቆርቆሮውን አንሥቶ አናቱ ላይ ሰበረው። ቆርቆሮው ተገነጠለ፣ ክፈፉ ትከሻው ላይ ቀረ፣ ሁለቱም በሳቅ ፈረሱ። ሾተን ከባንዱ የወጣው በዚሁ ነው።

ሌኖን በታኅሣሥ 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ ተገደለ፤ ሾተን ማስታወሻውን ያሳተመው በ1983 ነው። የቆርቆሮውን ነገር ማንኛውም የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ በሁለት መስመር ሊያነሣው ይችላል፤ አንሥተውታልም። በጓደኛው አፍ ሲነገር ግን ሌላ ነገር ይታይበታል። ሌኖን ባንዱ ውስጥ አለቃ ነበር፤ ይህ ልጅ ለባንዱ እንደማይሆንም ያውቃል። ማባረር ግን አልቻለም። ሾተንም «ልተውህ ነው» ማለት ከብዶታል። ያ የተሰበረ ቆርቆሮ ሁለት ወንድ ልጆች ፊት ለፊት ሊነጋገሩበት ያልቻሉትን ጉዳይ ፈታላቸው፤ ጓደኝነታቸውም ከባንዱ ተነጥሎ ለብዙ ዓመታት ዘለቀ። የወዳጅነት ማስታወሻ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ዝናው፣ ሽልማቱ፣ የተሸጠው አልበም ብዛት ሌላ ቦታ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ስለ ራሱ ምን ያህል ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ብዙዎች ይሉኝታ ይዟቸው ራሳቸውን ይደብቃሉ፤ «ታላቁን ሰው ልዘክር እንጂ ስለ እኔ ማን ጠየቀኝ» ይላሉ። አንባቢው ግን የሚያየው በእነሱ ዓይን ነውና፣ ዓይኑ የማን እንደሆነ ካላወቀ የሚታየውን መመዘን አይችልም። ያ ወዳጅ በዚያን ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? ጓደኛው ከፍ ከፍ ሲል ቀንቶ ያውቃል? ገንዘብ ተበድሯል? ለወራት ስልክ ሳይደወልለት ሲቀር ምን ተሰማው? በሮክ ሙዚቃ ዓለም ይህ ጉዳይ ይከፋል፤ ምክንያቱም ዝናው ድንገተኛ ነው። ትናንት አብሮህ የአንድ ክፍል ኪራይ ሲከፍል የነበረ ልጅ ዛሬ በጠባቂ ታጅቦ ይሄዳል። ያንን ለውጥ ከዚህኛው ወገን ሆኖ ያየው ሰው ካልጻፈው ማንም አይጽፈውም። በተቃራኒው ደግሞ በሟቹ ስም ራሱን የሚያነግሥ አለ፤ ዘፈኑን ሁሉ ያነሣሣሁት እኔ ነኝ፣ ምክሬን ቢሰማ ኖሮ አይሞትም ነበር የሚል። የመጀመሪያው ጥፋት መጽሐፉን ያደበዝዘዋል፤ ይህኛው ግን ያበላሸዋል።

ከሁሉም የሚከብደው የምስክርነቱ ጉዳይ ነው። በ1965 ክረምት፣ ሎስ አንጀለስ ቬኒስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ ሁለት የፊልም ትምህርታቸውን የጨረሱ ወጣቶች ተገናኙ፤ ሬይ ማንዛሬክና ጂም ሞሪሰን። ሞሪሰን ግጥምና ዜማ እየሠራ እንደሆነ ነገረው፤ ማንዛሬክ «እስቲ ዝፈንልኝ» አለው፤ ሞሪሰንም አሸዋው ላይ ሆኖ ዘፈነለት። «ዘ ዶርስ» የተባለው ባንድ ከዚያች ቅጽበት ተወለደ ይባላል። ሞሪሰን በሐምሌ 1971 በ27 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሲሞት፣ የባሕር ዳርቻው ቀን ምስክር ማንዛሬክ ብቻ ሆኖ ቀረ። ታሪኩን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2013 ድረስ፣ በየመድረኩና በየቃለ መጠይቁ ተረከው። ሐሰት ነው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት የተደጋገመ ትዝታ በየጊዜው እየተስተካከለ፣ እየተወለወለ ይሄዳል። ፍሬድሪክ ባርትሌት የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1932 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ ሰው የሚያስታውሰውን እንደ ተከማቸ ዕቃ ከመደርደሪያ አያወርደውም፤ በተረከ ቁጥር ከሚያውቀውና ከለመደው ጋር እያስማማ እንደገና ይሠራዋል።

ስለዚህ ጸሐፊው ትዝታውን መፈተሽ አለበት። ስለ ሙዚቀኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ መፈተሻው ብዙ ነው። ኮንሰርቶች ቀን አላቸው፤ ፖስተር፣ የቲኬት ቁራጭ፣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ይገኛል። ስቱዲዮዎች የቀረጻ መዝገብ ይይዛሉ። «ያን ዘፈን የጻፈው ከእኔ ጋር ባመሸበት ምሽት ነው» የምትል ከሆነ ዘፈኑ የተቀረጸበት ቀን ከምሽቱ በፊት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያኔ ምሽቱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ዘፈኑን ከምሽቱ መለየት ነው። ንግግርም እንዲሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተባለን ነገር ቃል በቃል የሚያስታውስ የለም፤ ስለዚህ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የሚገባው አጭርና እርግጠኛ የሆኑበት ንግግር ቢሆን ይሻላል፤ የቀረውን በራስ ቃል መተረክ ይቻላል።

ወዳጆች ሲበዙ ደግሞ ሟቹም ይበዛል። የዶርስ ድራመር ጆን ዴንስሞር ማስታወሻውን በ1990፣ ማንዛሬክ በ1998፣ ጊታሪስቱ ሮቢ ክሪገር በ2021 አሳተሙ። ሦስቱም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር ሠርተዋል። የማንዛሬክ ሞሪሰን ባለ ራእይ ገጣሚ ነው። ዴንስሞር ግን መጠጥ ቀስ በቀስ የወሰደበትን ጓደኛ ፈርቶም ተናዶም ያየ ሰው ነው፤ በመጽሐፉ መሐል ለሞተው ሞሪሰን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አስገብቷል፤ ይወቅሰዋል፣ ይጠይቀዋል። በአንደኛ መደብ የሚሄድ ትረካ ድንገት «አንተ» ወደሚል ንግግር ሲዞር፣ ያልተዘጋ ጉዳይ እንዳለ አንባቢው ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ከሦስቱ ለእኔ የሚቀርበኝ የእሱ ነው። ማሞገስ ቀላል ነው፤ የሚወዱትን ሰው ተናድደውበት እያለ መውደድን መጻፍ ግን ድፍረት ይጠይቃል።

ሞቱን መጻፍ የራሱ ወጥመድ አለው። የመጨረሻውን ያወቀ ሰው ወደ ኋላ ሲመለከት ሁሉም ነገር ምልክት ይመስለዋል፤ ያቺ ዝምታ፣ ያ የተሰጠ ስጦታ፣ ያ የዘፈን ስንኝ። በዚያን ጊዜ ግን ተራ ዝምታ፣ ተራ ስጦታ ነበሩ። ዳኒ ጎልድበርግ ኒርቫና የተባለው የሮክ ባንድ ማናጀርና የድምፃዊው የከርት ኮቤይን ወዳጅ ነበር፤ ስለ ኮቤይን የጻፈውን ያሳተመው በ2019፣ ሙዚቀኛው ካረፈ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። ሙዚቀኛው ራሱን ያጠፋ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመገናኛ ብዙኃን ያወጣው መመሪያ የአሟሟቱን መንገድ በዝርዝር አለመግለጽን፣ ሞቱንም በአንድ ምክንያት ብቻ አለማሳበብን ይመክራል። መጽሐፍም ከዚህ ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም፤ ስለ ሮክ ኮከብ የተጻፈን መጽሐፍ ከሚያነቡት መካከል ወጣቶችም አሉና።

መቼ ይጻፍ ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። ሾተን ሦስት ዓመት ቆየ፣ ዴንስሞር አሥራ ዘጠኝ። ፓቲ ስሚዝ፣ እሷ ራሷ የሮክ ሙዚቀኛ ስትሆን፣ ስለ ፎቶግራፍ አንሺው ጓደኛዋ ስለ ሮበርት ሜፕልቶርፕ እንደምትጽፍ ከመሞቱ በፊት ቃል ገብታለት ነበር። እሱ በ1989 ሞተ፤ መጽሐፉ የወጣው በ2010 ነው፤ በዚያው ዓመትም የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ቶሎ የተጻፈው ዝርዝሩ ትኩስ ነው፤ የዘገየው ደግሞ ጸሐፊውን ራሱን ለመመዘን ጊዜ ይሰጠዋል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ዛሬውኑ ማስታወሻ ይዞ መጽሐፉን ማቆየት ነው።

የሕጉ ነገር ብዙ ጸሐፊዎችን የሚያስደነግጠው ረቂቁ ካለቀ በኋላ ስለሆነ አስቀድሞ ማወቁ ይበጃል። ጓደኛህ የጻፈልህ ደብዳቤ ወረቀቱ የአንተ ነው፤ ቃላቱ ግን የእሱና የወራሾቹ ናቸው። በ1987 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አንድ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የደራሲ ሳሊንጀርን ያልታተሙ ደብዳቤዎች እንዳይጠቅስ አግዷል። በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የቅጂ መብቱ በአጠቃላይ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የሌኖን ደብዳቤዎች እስከ 2050 መጨረሻ ድረስ የተጠበቁ ናቸው ማለት ነው። ደብዳቤው ምን እንደሚል በራስ አነጋገር መግለጽ ግን ይቻላል። የዘፈን ግጥም ከዚህ የባሰ ነው፤ ለሁለት ስንኝ እንኳ የሙዚቃ አሳታሚው ፈቃድና ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል፤ ፈቃዱን የማምጣቱ ሥራም ብዙውን ጊዜ የሚጣለው በጸሐፊው ላይ ነው። የዘፈኑን ርዕስ መጥቀስ አይከለከልም።

ስም ማጥፋትን በተመለከተ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ የሞተ ሰው ስሙ ጠፋ ብሎ ሊከስ አይችልም። በመጽሐፉ ውስጥ የሚመላለሱት የቀድሞ ሚስት፣ የባንድ አባላት፣ ማናጀሮችና የአደንዛዥ ዕፅ አቅራቢ ተብሎ የተጠቀሰው ሰው ግን በሕይወት አሉ። ረቂቁን ከአሳታሚው በፊት ለቤተሰቡ ማሳየት ሕግ አያስገድድም፤ እኔ ግን ቢታይ እላለሁ፤ በተለይ ልጆች ካሉት። ማሳየት ማለት ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ ቤተሰቡ የቀን ስሕተት ያርማል፣ የተዛባ ስም ያስተካክላል፣ አንዳንዴም ጸሐፊው ያልነበረበትን ግማሽ ምሽት ይነግረዋል።