«የማኅበር ሰው» የሚባለው ፖለቲከኛ ምንድን ነው?

ስለ አውስትራሊያ የግዛት ፖለቲካ በተወራ ቁጥር የማይቀር አባባል አለ። የቀድሞ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ምክር ቤት ሲገባ «ማኅበሩ በፓርላማ ያስቀመጠው ተወካይ» ይባላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተንታኝ ባሰበት፤ «ደመወዙን የሚከፍለው ሕዝቡ ነው፣ ትእዛዝ የሚቀበለው ግን ከማኅበሩ ነው» አለ። ይኼ ስህተት ነው። ትንሽ ስህተትም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሰው ለምን እንዲህ እንደወሰነ ለመረዳት ገና ከመነሻው መንገድ ያስታል።

ሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ ከ1890ው ታላቅ የባሕርተኞች አድማ ሽንፈት በኋላ በማኅበራት መመሥረቱን አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በአመጣጡ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ነገሩ ዛሬ እንዴት ይሠራል በሚለው ላይ ነው።

ማኅበሩ እንደ ድርጅት በፓርቲው የግዛት ቅርንጫፍ ይታቀፋል። በአባላቱ ቁጥር ልክ መዋጮ ይከፍላል። በልኩም ወደ ግዛቱ ጉባኤ ልዑካን ይልካል። ከአውስትራሊያ ግዛቶች አንዷ በሆነችው በኒው ሳውዝ ዌልስ ለብዙ ዘመን ከጉባኤው ድምፅ 60 በመቶው የማኅበራት፣ 40 በመቶው ደግሞ የአካባቢ ቅርንጫፎች ነበር። በ2002 ሳይመን ክሪን የፌዴራል ፓርቲው መሪ ሳሉ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ተወሰነ። የማኅበራት ድምፅ በግልጽ የሚቆጠረው እዚህ ጉባኤ ላይ ነው። በምክር ቤት ያሉት የፓርቲው አባላት ለብቻቸው የሚሰበሰቡበት ኮከስ የሚባል ስብሰባ አለ። እዚያ ውስጥ የትኛውም ማኅበር ድምፅ የለውም። ዕጩው ሲቀርብ የሚፈርመው ቃል ኪዳንም ከኮከሱ አብላጫ ጋር ድምፅ ሊሰጥ እንጂ ለቀድሞ ማኅበሩ ሊታዘዝ አይደለም።

በእግር ኳስ ልግለጸው። አንድ ክለብ ከታዳጊነቱ ጀምሮ ያሳደገው ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን ተመረጠ እንበል። ክለቡ ይኮራበታል። በፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ላይም ክለቡ ድምፅ አለው፤ መዋጮ ይከፍላል፣ ደንብ ሲወጣ እጁን ያወጣል፣ አመራር ሲመረጥ ይሯሯጣል። ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ ግን የክለቡ ፕሬዚዳንት ከትሪቡን ሆኖ «ኳሷን ለእገሌ ስጥ» ቢል የሚሰማው የለም። ታክቲኩን የሚያወጣው አሠልጣኙ ነው። ከአንድ ክለብ የወጡ ሁለት ተጫዋቾች በመልበሻ ክፍል ውስጥ ስለ ታክቲክ ቢጣሉ ደግሞ «ክለቡ እርስ በርሱ ተጣላ» አይባልም። ምሳሌው የሚያነክስበት ቦታ አለ፤ ተጫዋቹ ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ክለቡ ይመለሳል፣ ደመወዙም ከዚያው ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ግን ወንበሩን ለተተኪው አስረክቦ ነው የሚሄደው። ይኼ ልዩነት የእኔን ነጥብ ይበልጥ ያጠነክረዋል።

የመልበሻ ክፍሉን ጠብ ከምናቤ አላመጣሁትም። በ2008 ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ የሆነው ልክ እንዲህ ነበር።

የግዛቱ ፕሪሚየር (የግዛቱ መንግሥት መሪ)፣ የሌበሩ ሞሪስ የማ፣ የመንግሥትን የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ወደ ግል ለማዞር ተነሱ። ዕቅዱን ከፊት ሆነው የሚገፉት የግምጃ ቤት ሚኒስትሩ ማይክል ኮስታ ነበሩ። ኮስታ ማን ናቸው? ከ1998 እስከ 2001 የግዛቱን የሠራተኛ ማኅበራት ኅብረት በጸሐፊነት የመሩ ሰው ናቸው። ተቃውሞውን የመሩት ደግሞ ጆን ሮበርትሰን ናቸው፤ በሙያቸው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በዚያው የጸሐፊ ወንበር ላይ ኮስታን የተኩ። ዕቅዱን እንዲመረምር የተቋቋመውን ኮሚቴ የመሩት ባሪ አንስዎርዝም ፕሪሚየር ከመሆናቸው በፊት የዚያው ኅብረት ጸሐፊ ነበሩ። አንድ ወንበር ሦስቱንም አሳልፏቸዋል፤ በ2008 ግን የቆሙበት ቦታ ለየቅል ነበር። «ማኅበሩ በፓርላማ ያስቀመጠው ተወካይ» የሚለው ተንታኝ እስቲ ይንገረኝ፤ ተወካዩ የትኛው ነው?

በግንቦት ወር የግዛቱ ጉባኤ ድምፅ ሰጠ። ዕቅዱ በ702 ለ107 ተቃውሞ ገጠመው። ያኔ ብዙ ሰው «ማኅበራቱ ፕሪሚየሩን አንበረከኩ» አለ። ቁጥሩን ግን እንየው። ድምሩ 809 ነው። ጉባኤው ግማሽ በግማሽ ስለሆነ የማኅበራቱ ድርሻ 405 ገደማ ይሆናል። የማኅበራት ልዑካን አንድም ሳይቀሩ ተቃወሙ ብንል እንኳ ወደ 300 የሚጠጋ ተቃውሞ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የመጣውም ከአካባቢ ቅርንጫፎች ነው። ተራው የፓርቲ አባልም ሽያጩን አልፈለገውም ማለት ነው። ይኼን ሒሳብ ለመሥራት አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ የሚሠራው ግን ጥቂት ሰው ነው።

የማ ከዚያም በኋላ ገፉበት። የጉባኤው ውሳኔ ብቻውን አላስቆማቸውም። በነሐሴ መጨረሻ ተቃዋሚዎቹ ሊበራልና ናሽናል ፓርቲዎች ሕጉን አንደግፍም ሲሉ መንግሥት ረቂቁን ከላይኛው ምክር ቤት አነሳው። በመስከረም መጀመሪያ የማ ካቢኔያቸውን ሊበውዙ ሲሉ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች እምቢ አሏቸውና ሥልጣን ለቀቁ። ማኅበራቱ ጫና አልፈጠሩም አልልም፤ በደንብ ፈጥረዋል። ጉዳዩ የተቆረጠው ግን በምክር ቤትና በኮከስ ነው።

የሚከተለው ደግሞ ተንታኙን የበለጠ ያስቸግረዋል። ኮስታ ከምክር ቤት ሲወጡ ባዶ የቀረውን ወንበር በጥቅምት 2008 የያዙት ራሳቸው ሮበርትሰን ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ የማረሚያ ቤቶች ሚኒስትር ሆኑ። ሲገቡ ጠረጴዛቸው ላይ የጠበቃቸው ሁለት እስር ቤቶችን፣ ፓርክሊንና ሴስኖክን፣ ወደ ግል የማዞር ዕቅድ ነበር። ሴስኖክ በመንግሥት እጅ ቀረ። ፓርክሊ ግን በ2009 ለግል ኩባንያ ተሰጠ። የኤሌክትሪክን ሽያጭ የተዋጉት ሰው ሚኒስትር ሆነው ይኼን አስፈጸሙ።

እዚህ ላይ ያው «ተወካይ» ሲል የነበረው ሰው ተገልብጦ «ከዳ» ይላል። ሁለቱም አንድ ስህተት ናቸው። ሰውዬው ከመጀመሪያውም የማኅበሩ መልእክተኛ ነው ብለህ ካልተነሳህ ከዳ ልትለው አትችልም። ሚኒስትርን የካቢኔ ውሳኔ ያስረዋል። ካልተዋጠለት ሥልጣኑን መልቀቅ ይችላል። በካቢኔ እየቀጠለ ከማኅበሩ ጋር መሰለፍ ግን አይችልም። ሰውዬውን በዚህ ውሳኔ መውቀስ ይቻላል፤ እኔም ውሳኔውን አልወደድኩትም። ወቀሳው ግን እንደ ሚኒስትር በወሰነው ላይ ይሁን።

ካነሳሁት አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራዬ ዘወትር የሚያጋጥመኝ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ማኅበር ሁሉ በሌበር ፓርቲ የታቀፈ አይደለም። በኒው ሳውዝ ዌልስ የመምህራኑም የነርሶቹም ማኅበር አልታቀፈም። ስለዚህ ከነርሶች ማኅበር የመጣች የምክር ቤት አባል «የማኅበር ሰው» ብትባልም፣ ማኅበሯ በፓርቲው ጉባኤ ላይ አንድም ልዑክ የለውም። በታቀፉት ማኅበራትም ቢሆን መዋጮ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ የፓርቲው አባል አይሆንም። ሌላም አለ። በ1976 ከአውስትራሊያ ተቀጣሪዎች ግማሽ ያህሉ የማኅበር አባል ነበሩ። በ2022 የቀሩት 12.5 በመቶ ናቸው። በጉባኤ ላይ ያለው የማኅበራት ድርሻ ግን በዚህ ልክ አልወረደም። ይኼ ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ መከራከር ተገቢ ነው። ጥያቄው ግን ለፓርቲው ደንብ እንጂ ለአንድ ግለሰብ የሚቀርብ አይደለም።

ታዲያ የማኅበር ታሪኩ ምንም አያደርግለትም? በደንብ ያደርግለታል። ድርድር የተማረው እዚያ ነው፤ እስከ ሌሊት ተጎትቶ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ላይ ተከራክሮ መፈራረም ያውቃል። ስልኩ ውስጥ ያለው ስም ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ መግቢያው በር ላይ ይጠቅመዋል። የማኅበራት እውነተኛ ጉልበት ያለው ሰውዬው ከገባ በኋላ ሳይሆን ከመግባቱ በፊት፣ ዕጩ ሲመረጥ ነው። ተንታኙ እዚህ ቢያተኩር ኖሮ እኔም አብሬው እጮህ ነበር።

በተለይ የላይኛውን ምክር ቤት ይመልከት። የኒው ሳውዝ ዌልስ የላይኛው ምክር ቤት 42 አባላት አሉት፤ የሥራ ዘመናቸው 8 ዓመት ነው። በመካከል አንድ ወንበር ባዶ ሲሆን የማሟያ ምርጫ አይደረግም። የለቀቀው አባል ፓርቲ ሰው ያቀርባል፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው ይሾሙታል። ሮበርትሰን በ2008 የገቡት በዚህ በር ነው፤ አንድም መራጭ በስማቸው ላይ ምልክት አላደረገም። ከመራጩ ፊት የቀረቡት በመጋቢት 2011 ብላክታውን በተባለው ወረዳ ለታችኛው ምክር ቤት ሲወዳደሩ ነው። በዚያ ምርጫ ሌበር ከ93 መቀመጫ 20 ብቻ ይዞ ሲወድቅ እሳቸው አሸነፉ፤ በዚያው ወር መጨረሻም የተቃዋሚው መሪ ሆኑ፣ እስከ ታኅሣሥ 2014። ብላክታውን ላይ ድምፅ የሰጣቸው ሰው ደግሞ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።