«ሲሻለኝ እጀምራለሁ»፦ አካላቸውን ያጡ ወገኖች ዛሬ ነገ ማለትን ስለሚያሸንፉበት መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህ ትምህርት እጃቸው ወይም እግራቸው ተቆርጦ አዲሱን ኑሮ ለመልመድ ለሚታገሉ ወገኖችና እነርሱን ለሚያስታምሙ ቤተ ሰቦች የተጻፈ ነው። በሰሜን ሸዋ ይህ መከራ ያልገባበት አጥቢያ ያለ አይመስለኝም። አንዱ በጣርማ በር ቁልቁለት በደረሰ የመኪና አደጋ፣ ሌላው በ2014 ዓ.ም. እስከ ሸዋ ሮቢት በዘለቀው ጦርነት፣ ሌላዋ ሳይታወቅ በቆየ የስኳር በሽታ፣ አንዳንዱ ደግሞ ስብራቱ በቀርከሃ ከመጠን በላይ ጠብቆ በመታሰሩ ደም ተቋርጦበት አካሉን አጥቷል። መከራው የመጣበት መንገድ ቢለያይም፣ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ከገቡ በኋላ ብዙዎቹን የሚገጥማቸው ፈተና ተመሳሳይ ነው፤ እርሱም «ዛሬስ ይለፈኝ፣ ነገ እጀምራለሁ» የሚል ነው።

የሚዘገየው ነገር አንድ በአንድ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ፋሻው ተፈትቶ እንደገና መጠቅለል ነበረበት፤ ሳይጠቀለል ይመሻል። ሐኪሙ ያሳየው የጉልበት እንቅስቃሴ ሳይሠራ ይውላል። የቀጠሮው ወረቀት ትራስ ሥር እንደ ተቀመጠ ቀኑ ያልፋል። የተዘጋው ሱቅ አይከፈትም፤ ቅዳሴ ለማስቀደስ የታሰበው እሑድም ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል። ዘመድ ይህን ሲያይ «ሰነፈ» ይላል። እነዚህን ወገኖች በየቤታቸው ስጠይቅ ያየሁት ግን ስንፍና አይደለም፤ በአንድ እግሩ ቆሞ በር ለመክፈት የሚታገል ሰው ከብዙዎቻችን ይልቅ ሲደክም ይውላል። ፋሻውን በፈታ ቁጥር የጎደለውን ያያል፤ ክራንቹን ባነሣ ቁጥር ትናንት በቀላሉ ያደርገው የነበረው ዛሬ ምን ያህል እንደ ከበደው ይታወቀዋል። ከዚህ የተነሣ ሥራውን ወደ ነገ ሲያስተላልፍ፣ ከሥራው ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ኀዘን እያስተላለፈ ነው። ይህን ያልተረዳ ተግሣጽ ቁስልን ከመንካት በቀር ፍሬ አይኖረውም።

ከኀዘኑ በታች ደግሞ አንድ ስውር ተስፋ አለ። «ሲሻለኝ እጀምራለሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ «እንደ ቀድሞዬ ስሆን» ማለቱ ነው። የቀድሞው አካል እስኪመለስ ድረስ ጸሎቱም፣ ሥራውም፣ ትዳሩም፣ ቅዳሴውም በቀጠሮ ይቆያሉ። በአገራችን እንዲህ ላለው ቀጠሮ ምክንያት አይጠፋም። በሐምሌ «ጭቃ ነው፣ ክረምቱ ይውጣ» እንላለን፤ መስከረም ሲጠባ «መኸሩ ይግባ»፤ መኸሩ ሲገባ የደብረ ብርሃን ውርጭ ይመጣና «ብርዱ ይለፍ»፤ ከዚያ «ጥምቀት ይዋል»፣ ከዚያ «ጾሙ ይፈታ» እያልን እንደገና ክረምት ይገባል። መጽሐፈ መክብብ በምዕራፍ 11 ቁጥር 4 ላይ «ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም፥ ደመናንም የሚመለከት አያጭድም» ያለው ለገበሬ አገር የተነገረ ቃል ነው። ሲራክም በምዕራፍ 5 ወደ እግዚአብሔር መመለስን ከቀን ወደ ቀን ማሳለፍ እንደማይገባ ያስጠነቅቃል። እነዚህን ቃላት የምንሰማው ብዙ ጊዜ ስለ ንስሐ ሲሰበክ ነው፤ ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ደህና ቀን ለሚጠብቅ ሕመምተኛም የተነገሩ ናቸው።

አካላችን ቀጠሮአችንን አያከብርም፤ ይህን በግልጽ መናገር ፍቅር ነው። እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠበት ሰው ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን አጥፎ ከተቀመጠ፣ ወይም እንዲመቸው ከጉልበቱ ሥር ትራስ እያደረገ ከተኛ፣ ጅማቱ አጥሮ ጉልበቱ እንደ ታጠፈ ሊቀር ይችላል። ከጉልበት በላይ የተቆረጠበትም ሰው ሁልጊዜ ከተቀመጠ የዳሌው መገጣጠሚያ ወደ ፊት እንደ ታጠፈ ይቀራል። ጉልበቱ ወይም ዳሌው ያልተዘረጋ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ቢሠራለት እንኳ ቀጥ ብሎ ለመራመድ ይቸገራል። ፋሻው በሐኪም እንደ ታዘዘው፣ ከጫፉ ጠበቅ ወደ ላይ ላላ እያለ በየዕለቱ ካልተጠቀለለ እብጠቱ ቶሎ አይቀንስም፤ የቀረው የእግር ክፍልም ቅርጽ አይዝም። ሰው ሠራሹን እግር የሚለኩት ባለሙያዎች የሚጠብቁት ቁስሉ መዳኑንና እብጠቱ መቀነሱን ነውና፣ «ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራልኝ መንቀሳቀስ እጀምራለሁ» የሚለው አሳብ ነገሩን ይገለብጠዋል። አካሉን በስኳር ያጣ ሰው ደግሞ የቀረውን እግሩን በየማታው ጣቶቹ መካከልና ውስጥ እግሩ ድረስ መመልከት ይገባዋል፤ ሳይታይ የቆየ ትንሽ ቁስል ሁለተኛውንም እግር ሊያሳጣ ይችላልና።

በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ መጻጉዕ ተብሎ ይጠራል፤ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት በደዌ የኖረው ሰው የሚታሰብበት ነው። ጌታችን «ልትድን ትወዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው ሰውየው «አዎ» አላለም፤ ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያይቱ የሚያኖረው ሰው እንደሌለው ነገረው። አንዳንድ ሰባኪ ይህን መልስ እንደ ሰበብ ቆጥሮ ሰውየውን ሲወቅሰው ሰምቻለሁ። በወንጌሉ ግን ጌታችን ስለ መልሱ ሲገሥጸው አይታይም። ውኃው እስኪናወጥም፣ የሚሸከመው ሰው እስኪመጣም አልቀጠረውም፤ «ተነሣና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ» አለው። ሰው የለኝም የሚለው ስብራት ጌታ የሚሰማው ስብራት ነው፤ ትእዛዙ ግን የተሰጠው በዚያው ዕለት፣ በዚያው ስፍራ ነው።

እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ተአምር ቢያደርግልኝስ?» የሚል ይኖራል። ለእግዚአብሔር የሚሳነው ነገር የለም፤ ተስፋ አድርጉ፣ ጸልዩ። ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ወደ ጻድቃኔ ማርያም በእምነት ወርዶ መጠመቅ የአባቶቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን ጸበልን የሐኪም ቀጠሮ ለመዝለል ምክንያት ማድረግ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር ያዘዘው እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ስለ ሆነ ነው። ቁስሉ ገና ያልደረቀ ሰው ውኃ ከማስነካቱ በፊት ሐኪሙን መጠየቁም የእምነት ማነስ አይደለም። ፋሻ እንዳንጠቀልል፣ ጉልበታችንን እንዳንዘረጋ የሚያደርገን ተስፋ ከእግዚአብሔር ዘንድ መሆኑን ልንመረምር ይገባናል።

በገድላቸው እንደምናነበው ጻድቁ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዚሁ በሸዋ ምድር፣ በቡልጋ ኢቲሳ ተወልደው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለችው በደብረ አስቦ በጽኑ ተጋድሎ ቆመው ሲጸልዩ፣ ከመቆም ብዛት የተነሣ አንዲት እግራቸው ተቆርጣለች። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጥር 24 ቀን ስባረ አጽማቸው ብላ ታከብራለች። ከዚያም በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ። ይህን ታሪክ አካሉን ባጣ ሰው ላይ እንደ ዱላ ማንሣት፣ «ጻድቁ ሰባት ዓመት ቆሙ፣ አንተ አንድ ሰዓት አቃተህ» ማለት አይገባም። ጻድቁ ወደዚያ መከራ የደረሱት በፈቃዳቸው በመረጡት ተጋድሎ ነው፤ ያንተን እግር ግን የወሰደው ያልመረጥኸው አደጋ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለ ሆነ ልንሸፍነው አይገባም። ከገድሉ ልንወስድ የሚገባን ግን ይህ ነው፤ ጻድቁ ሁለተኛ እግር እስኪሰጣቸው ድረስ ጸሎታቸውን አላቆዩም። በትናንትናው አካላቸው የጀመሩትን በዛሬው አካላቸው ቀጠሉ። ሥዕላቸውን ስትመለከቱ ስድስት ክንፍ ተጨምሮላቸው ታያላችሁ፤ የተቆረጠችው እግር ግን ተመልሳ አልተሣለችም። ቤተ ክርስቲያን የጎደለውን ሳትደብቅ ቅድስናቸውን ታከብራለች።

ከመጻጉዕ ሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው በገብር ኄር እሑድ ደግሞ ስለ መክሊቱ እንሰማለን። አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ለምን በመሬት እንደ ቀበረው ሲጠየቅ ራሱ ምክንያቱን ተናግሯል፤ «ፈራሁ» ነው ያለው። ጌታው ሐኬተኛ ብሎ የነቀፈው ሥራ የፍርሃት ልጅ ነበረ። አካሉን ያጣ ሰው የሚፈራው ብዙ ነው፤ በመንገድ መውደቅን ይፈራል፣ ሕፃናት ሲያዩት ይፈራል፣ ሰው ሲያዝንለት ይፈራል። አምስት መክሊት ነበረኝ፣ አሁን አንድ ቀረኝ ብሎም የቀረችውን ለመንካት ይሳሳል። የተመሰገኑት አገልጋዮች ሁለቱም የሰሙት «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለውን እንጂ በብዛቱ ልክ የተመዘነ ምስጋና አይደለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድን የሚያዘገዩ ሦስት ነገሮችን ደጋግሜ ሰምቻለሁ። መጀመሪያው በክራንች መታየት ነው። ነገር ግን በቅኔ ማሕሌቱ ሊቃውንቱ፣ በዐውደ ምሕረቱ ሽማግሌዎቹ ሁሉ መቋሚያ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ተደግፎ መቆም በእግዚአብሔር ቤት አሳፋሪ ሆኖ አያውቅም፤ ክራንችህም በዚያ ስፍራ መቋሚያህ ነው። ሁለተኛው ጫማ ማውለቅ ነው። ይህ ጉዳይ ብዙዎች የማያስተውሉት እውነተኛ ችግር ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር የሚስተካከለው በሚጫሙት ጫማ ተረከዝ ቁመት ስለ ሆነ፣ ጫማው ሲወልቅ ሚዛን ይዛባል። ከተረከዙ ሥር በካልሲ ውስጥ የሚገባ ማንሻ ይዘጋጅ እንደ ሆነ የሠራውን ባለሙያ መጠየቅ፣ ግድግዳ አጠገብ ስፍራ መያዝ፣ አስቀድሞም ለካህኑ ማስረዳት ይቻላል። ሦስተኛው ስግደት ነው። መስገድ ለማይችል ሰው የንስሐ አባቱ እንደ አቅሙ ያዙለታል፤ ጾምም ቢሆን ቁስሉ ላልዳነ ሕመምተኛ እንዲሁ ከንስሐ አባት ጋር የሚመከርበት ነው። «መስገድ ስችል እመጣለሁ» ብሎ ራሱን ከቅዱስ ቁርባን ያራቀ ሰው ማንም ያላዘዘውን ቀንበር ተሸክሟል።

ታዲያ እንዴት ይጀመር? አባቶቻችን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍለውልናል፤ የሕክምናውን ሥራ ከእነዚህ ከአንዱ ጋር ማሰር በፈቃድ ጥንካሬ ብቻ ከመታገል ይሻላል። የነግህ ጸሎት ሲያበቃ ፋሻው ይጠቀለል። በሠርክ ጸሎት ሰዓት የቀረው እግር ይታይ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ሐኪሞች እግራቸው የተቆረጠባቸውን ሰዎች ዳሌያቸው እንዳይታጠፍ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ያህል በደረታቸው እንዲተኙ ያዝዛሉ፤ ይህ ብዙዎች የሚሰለቹትና የሚያዘገዩት ነው። ሐኪምህ ከፈቀደልህ በደረትህ ተኝተህ ዳዊት ድገም፤ አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር፣ አድርስ። መስገድ አልችልም ብለህ ያዘንህ ወንድሜ፣ በግንባርህ ወደ ምድር ተደፍተህ መዝሙር የምታቀርብበት ሰዓት አገኘህ ማለት ነው። ሐዋርያው በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ የላሉትን እጆችና የሰለሉትን ጉልበቶች አቅኑ፣ ያነከሰውም እንዲፈወስ ለእግራችሁ ቅን መንገድ አድርጉ ይላልና። ያልተሠራበት ቀን ቢያልፍ ስለ እርሱ ንስሐ አባትህን አነጋግር፤ ያመለጠህን ሁሉ በአንድ ቀን ልትክስ ግን አትሞክር፤ ቁስልህን ትጎዳለህ።

ሁሉም መቆየት ዛሬ ነገ ማለት እንዳልሆነም ልናውቅ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማልቀስና ማረፍ ተገቢ ነው። የሌለው እግር ሲያሳክክና ሲያቃጥል መሰማቱም የአእምሮ መታወክ ወይም የርኵስ መንፈስ ሥራ አይደለም፤ በሕክምና የታወቀ ሕመም ስለ ሆነ ለሐኪም ይነገር። እንቅልፍ የጠፋበት፣ ምግብ የተወ፣ መኖር የሰለቸው ሰው ካለ ደግሞ ምክር ብቻ አይበቃውም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪምም ወደ ካህንም ይወሰድ።

በመጨረሻ ለእኛ አካላችን ለተጠበቀልን ምእመናን የምለው አለኝ። አደጋው በደረሰ ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ ጥቂት ወራት ሲያልፉ ግን «እሑድ እጠይቀዋለሁ» እያልን ዛሬ ነገ የምንለው እኛ ነን። ጌታችን በማቴዎስ ምዕራፍ 25 «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ያለው ከመክሊቱ ምሳሌ ቀጥሎ ነው። የጽዋ ማኅበራችሁ ተራ በእርሱ ቤት ይሁን፤ ድግሱን እናንተ አዘጋጁለት፣ ጸበል ጸዲቁን እርሱ ያድል። ለአካል ድጋፍ ማዕከል ቀጠሮ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ካለ አንድ ሰው አብሮት ይሳፈር፤ ብዙ ቀጠሮ የሚያልፈው የሚያጅብ ሰው በመጥፋቱ ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትም በደጀ ሰላሙ ደረጃ ላይ መደገፊያ ብረት ለማቆም ዓመታዊውን በዓል አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ወስኑት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።