ሎክስሚዝ አኒሜሽን፦ ስለ ለንደኑ ስቱዲዮ የሚባለውና እውነታው

«ሮንስ ጎን ሮንግ» የተባለውን የአኒሜሽን ፊልም ከልጆቻቸው ጋር ያዩ ሰዎች ስለ ሮቦቱ ስለ ሮን ብዙ ያወራሉ። ማን ሠራው ሲባሉ ግን መልሱ ይለያያል። አንዱ ዲዝኒ ይላል፣ ሌላው ፒክሳር። የእንግሊዝ ፊልም መሆኑን የሰማ ደግሞ «እነዚያ የሸክላ አሻንጉሊት የሚያንቀሳቅሱት» ይላል። ሠሪው በ2014 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ሎክስሚዝ አኒሜሽን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው አጭር ቢሆንም የሚወራበት ስህተት ግን ጥቂት አይደለም።

«የዲዝኒ ፊልም ነው»

ስህተቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ፊልሙ ሲከፈት የሚታየው የትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ስቱዲዮስ (የቀድሞው ፎክስ) አርማ ነው፤ ይህ ኩባንያ ደግሞ ዛሬ የዲዝኒ ንብረት ነው። ነገር ግን የሚያከፋፍልና የሚሠራ ለየቅል ናቸው። ሎክስሚዝ በመጀመሪያ የተዋዋለው፣ በ2016፣ ከፓራማውንት ጋር ነበር። በዓመቱ ወደ ፎክስ ዞረ። ፊልሙ ገና በሥራ ላይ እያለ፣ በማርች 2019፣ ዲዝኒ የፎክስን የፊልም ስቱዲዮ ገዛው፤ ሮንም ማንም ሳያማክረው አሳዳጊ ተቀየረለት። ከዚያ ኮቪድ መጣ። በ2020 ይታያል የተባለው ፊልም ቀኑ እየተገፋ ሲኒማ ቤት የደረሰው በኦክቶበር 2021 ነው።

ጥርጣሬ ያለው ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ይመልከት። በዲሴምበር 2021 ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ በዲዝኒ ፕላስ ብቻ ሳይሆን በተፎካካሪው በኤችቢኦ ማክስም በአንድ ቀን ተለቀቀ። ፎክስ ከመሸጡ በፊት ከኤችቢኦ ጋር የነበረው ውል ገና አላለቀም ነበርና። ፊልሙ ከራሱ ከዲዝኒ የፈለቀ ቢሆን ኖሮ ዲዝኒ ለተፎካካሪው እንዲህ ባላካፈለ ነበር።

«የአርድማን ቅርንጫፍ ነው»

እዚህኛው ውስጥ ግማሽ እውነት አለ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

አርድማን በብሪስቶል ከተማ የሚገኘው፣ ሸክላ መሰል የፕላስቲሲን ቅርጾችን በእጅ እያንቀሳቀሰ የሚቀርፀው ዝነኛ ስቱዲዮ ነው። ከሎክስሚዝ መሥራቾች ሁለቱ ከዚያ የወጡ ናቸው። ሳራ ስሚዝ እዚያ እያለች በ2011 የወጣውን «አርተር ክሪስማስ» አዘጋጅታለች። ጁሊ ሎክሃርት ደግሞ በ2015 ለእይታ ከበቃው የበጉ የሾን ፊልም ፕሮዲውሰሮች አንዷ ናት። ሎክስሚዝ ግን ራሱን ችሎ የቆመ ኩባንያ ነው፤ አርድማን በላዩ አያዝበትም።

ለምን ወጥተው የራሳቸውን ከፈቱ? እኔ እንደሚመስለኝ መልሱ ያለው አርድማን ራሱ በኮምፒውተር ለመሥራት ባደረገው ሙከራ ውስጥ ነው። በ2006 የወጣው «ፍላሽድ አዌይ» ታሪኩ በለንደን የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ስለሚኖሩ አይጦች ነው። እንግዲህ ቱቦ ካለ ውኃ አለ፤ ፕላስቲሲንና ውኃ ደግሞ አይስማሙም። ውኃው ቅርጹን ያበላሻል፤ በእጅ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ጀልባ ላይ እውነተኛ ማዕበል ማስነሳትም አይታሰብም። ስለዚህ ፊልሙ በኮምፒውተር ተሠራ፤ የተሠራው ግን ብሪስቶል ሳይሆን ካሊፎርኒያ፣ በአሜሪካው ስቱዲዮ በድሪምወርክስ ነው። የገጸ ባሕርያቱን ሰፊ አፍና የፕላስቲሲን አካሄድ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲመስሉ ብዙ ተለፍቷል። ፊልሙ ድሪምወርክስን ከባድ ኪሳራ ውስጥ ከተተው፤ በ2007 መጀመሪያ ላይ አርድማንና ድሪምወርክስ ተለያዩ። ቀጥሎ ከሶኒ ጋር የተሠራው «አርተር ክሪስማስ»ም ታሪኩና ንድፉ እንግሊዝ ውስጥ ካለቀ በኋላ ምስሉ ሊሠራ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ።

ሐሳቡ የእንግሊዝ፣ ምስሉ የአሜሪካ። ሎክስሚዝ የተቋቋመው ሁለቱም ለንደን ውስጥ እንዲሆኑ ነው።

«ምስሉን ሁሉ የሚሠራው ራሱ ነው»

አይደለም። ሎክስሚዝ ታሪኩን ያዘጋጃል፣ ገጸ ባሕርያቱን ይነድፋል፣ ፊልሙን ይመራል። ምስሉን እያንዳንዷን ፀጉር ድረስ የሚሠራው ዲኔግ ነው፤ ድሮ ደብል ኔጌቲቭ የሚባለው፣ በ1998 ለንደን ውስጥ የተከፈተ ድርጅት። «ኢንሴፕሽን»ና «ኢንተርስቴላር» ላይ በሠራው የምስል ውጤት ኦስካር አግኝቷል። ሙሉ የአኒሜሽን ፊልም የሠራው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በ«ሮንስ ጎን ሮንግ» ነው። ዲኔግ ራሱ በ2014 ከሕንዱ ፕራይም ፎከስ ጋር ተዋህዷል፤ ሕንድና ካናዳ ውስጥም ቢሮዎች አሉት። «የእንግሊዝ ፊልም» ስንል ይህንንም መርሳት የለብንም። የፊልሙ ታሪክ እንኳ የሚካሄደው አሜሪካ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ነው።

«ኮምፒውተሩ ራሱ ይሠራዋል»

አንድ ሴኮንድ ፊልም 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 የቆመ ምስል፣ አለው። «ሮንስ ጎን ሮንግ» ከ100 ደቂቃ በላይ ስለሚሄድ ከ140,000 በላይ ፍሬም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ የሚያግዘው ሬንደር በሚባለው ደረጃ ነው፤ ብርሃኑ ከየት መጥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ እያሰላ እያንዳንዱን ፍሬም ያወጣል። ሮን ዓይኑን ዝቅ ከማድረጉ በፊት ስንት ፍሬም ያህል ዝም ማለት እንዳለበት ግን የሚወስነው አኒሜተሩ ነው።

ሮን ደግሞ ለአኒሜተር ቀላል ገጸ ባሕርይ አይደለም። ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንክብል የመሰለ አካል ነው፤ ፊቱ እንደ ስክሪን የሚበራ ሁለት ዓይንና አፍ ብቻ ነው። ቅንድብ የለው፣ አፍንጫ የለው። ስለዚህ ተመልካቹን የሚያስቀው አካሄዱና መዘግየቱ ነው። ቀልዱስ? ሮን ከኔትወርክ ጋር መገናኘት የማይችል የተበላሸ ሮቦት ነው። የሚያውቀው በ«ኤ» ፊደል የሚጀምረውን ብቻ ስለሆነ፣ ባርኒ የሚባለውን ልጅ «አብሳሎም» እያለ ይጠራዋል፤ የእኛው መጽሐፍ ቅዱስ አቤሴሎም የሚለው። እንዲህ ያለው ቀልድ ከማሽን አይወጣም። የጻፉት ፒተር ቤይንሃምና ሳራ ስሚዝ ናቸው።

«በብሪታንያ የኮምፒውተር አኒሜሽን በሎክስሚዝ ተጀመረ»

በፍጹም። ቶኒ ፕሪቼት «ፍሌክሲፒድ» የተባለውን ብዙ እግር ያለው ፍጡር ለንደን ውስጥ በኮምፒውተር ያንቀሳቀሰው በ1968 ነው። በ1985 ደግሞ የዳየር ስትሬትስን «መኒ ፎር ናቲንግ» ክሊፕ፣ እነዚያን አራት ማዕዘን ጉልበተኛ ሠራተኞች፣ ለንደን ውስጥ የሠሩት ኢያን ፒርሰንና ጋቪን ብሌር ናቸው። ሁለቱ በኋላ ወደ ካናዳ ሄደው በ1994 «ሪቡት» የተባለውን ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ ተከታታይ ፊልም ለቴሌቪዥን አበቁ። ባለሙያ በማፍራት ብሪታንያ ችግር ኖሮባት አያውቅም፤ የተቸገረችው ያፈራችውን አገር ውስጥ በማቆየት ነው።

ረጅም ፊልምም ቢሆን ከሎክስሚዝ በፊት ነበር። ስለ ጦርነት ርግቦች የሚያወራው «ቫሊያንት» በ2005 በለንደኑ ኢሊንግ ስቱዲዮ ነው የተሠራው። በ2008 የወጣውን «ዘ ቴል ኦፍ ዴስፔሮ» ምስል የሠራው የለንደኑ ፍሬምስቶር ነው። ሎክስሚዝን ልዩ የሚያደርገው ለአንድ ፊልም ተሰብስቦ የሚበተን አለመሆኑ ነው፤ በኮምፒውተር የሚሠሩ ረጅም ፊልሞችን አከታትሎ ለማውጣት ታስቦ ነው የተከፈተው።

«የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ነው ያቆመው»

ይህ የሚባለው ከስቱዲዮው ኋላ ኤልሳቤጥ መርዶክ ስላለች ነው፤ የያኔው የፎክስ ባለቤት የሩፐርት መርዶክ ልጅ ናት። ግን ከላይ እንዳልኩት የመጀመሪያው ውል ከፓራማውንት ጋር ነበር።

«ከመጀመሪያው ፊልም በኋላ ተዘጋ»

«ሮንስ ጎን ሮንግ» በዓለም ዙሪያ ያስገባው ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለዚህ ዓይነት ፊልም ትንሽ ነው። ሰው ገና ሲኒማ ቤት መግባት በሚፈራበት ጊዜ መውጣቱን አንዘንጋ፤ ሐያስያን በበኩላቸው በጥሩ ተቀብለውታል። ስቱዲዮው ደግሞ ፊልሙ ሳይወጣ ገና በ2019 ከዋርነር ብራዘርስ ጋር ለበርካታ ፊልሞች ተዋውሎ ነበር። በኋላ ሳራ ስሚዝ ስትለቅ የፈጠራ ኃላፊነቱን ከፒክሳር የመጣችው ሜሪ ኮልማን ያዘች።

ሁለተኛው ፊልም «ዛት ክሪስማስ» በዲሴምበር 2024 በኔትፍሊክስ ወጣ። መነሻው የሪቻርድ ከርቲስ የልጆች መጻሕፍት ናቸው፤ ያዘጋጀው ሲሞን ኦቶ ነው፣ ምስሉም እንደገና የዲኔግ ነው። ታሪኩ በዚህኛው ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ በሰፎክ የባሕር ዳርቻ ባለች ልብ ወለድ ከተማ ገና ሲደርስ ከባድ በረዶ ይጥላል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ወላጆች ከልጆቻቸው ይለያያሉ። የሳንታን ድምፅ የሰጠው ብራያን ኮክስ ነው።