ወላጅን ወደ አረጋውያን ማዕከል ስለማስገባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም ሲፈርሱ ለአርባና ለሃምሳ ዓመት በአንድ ሰፈር የኖሩ አረጋውያን ከጎረቤታቸው፣ ከእድራቸውና ከሚሳለሙት ደብር ተለያዩ። አንዳንዶቹ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው፤ ጉልበታቸው ካመማቸው መውጣት መውረዱን ትተውታል። ልጆች ሥራ ላይ ወይም ውጭ አገር ናቸው። «እናታችንን የት እናድርጋት?» የሚለው ጥያቄ ሲነሳ በየቤቱ ተደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ በቅንነት የሚነገሩ ቢሆኑም ትክክል አይደሉም።

«ማዕከል ማስገባት ወላጅን መጣል ነው»

ከሁሉም የበለጠ የሚጎዳው ይሄኛው ነው። ቤተሰቡ ሐሜት ፈርቶ ውሳኔውን ያቆየዋል። አባት ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል፣ ከዚያ ሆስፒታሉ «ውሰዷቸው» ሲል በሁለት ቀን ውስጥ የተገኘው ቦታ ይያዛል። መጥፎ ምርጫ የሚመረጠው እንዲህ ባለው ጥድፊያ ውስጥ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ቀለብ ሲባል ምግብ፣ መኖሪያ፣ ልብስና ሕክምና ነው። እነዚህ የትም ሆነው ቢሟሉ ወላጅ አልተጣለም፤ የሚጠይቀው ሰው ካጣ ግን እቤቱም ተቀምጦ ተጥሏል። ዋናው ነገር ባለጉዳዩ ራሳቸው መናገር በሚችሉበት ጊዜ መጠየቃቸው ነው። እርሳቸው በሌሉበት ልጆች ብቻ ተሰብስበው የሚወስኑት ነገር ብዙ ጊዜ ቂም ያተርፋል።

«ደግ ሠራተኛ አለችን፤ እሷ ትበቃለች»

እናታችሁ ራሳቸው የሚነሱ፣ የሚበሉና የሚታጠቡ ከሆነ እውነት ነው፤ ቤት ይበቃል። ሻወሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት አስመቱ፣ የሚቀመጡበት የፕላስቲክ ወንበር አስገቡ፣ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይኑር፣ የሚንሸራተተውን ምንጣፍ አንሱ።

በራሳቸው መገላበጥ ካልቻሉ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ተኝቶ የሚውል ሰው በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለበት። በቀን 12 ጊዜ ማለት ነው፣ ግማሹም ሌሊት ነው። ቀን ስታበስልና ስታጥብ የዋለች ልጅ በሌሊቱ 9 ሰዓት ካልነቃች ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ቁስሉ የሚጀምረው ተረከዝ፣ ዳሌና ከወገብ በታች ያለው አጥንት ላይ ነው። በጣት ተጫን ስታደርጉት መቅላቱ የማይጠፋ ቦታ ካለ ቁስል ጀምሯል። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ከአካባቢው ይልቅ የሚሞቅ፣ ጠንከር ወይም ለስለስ ያለ፣ የጠቆረ ቦታ በእጃችሁ ፈልጉ። ለእንዲህ ያለ ታማሚ ቢያንስ ሁለት በፈረቃ የሚሠሩ አስታማሚዎችና የሚከታተል ነርስ ያስፈልጋሉ። ይህን ማሟላት የማይችል ቤት ማዕከል ቢመርጥ ሊያፍር አይገባም።

«ማዕከል ማለት መቄዶንያ ነው»

መቄዶንያ ደጋፊ የሌላቸውን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን ከጎዳና አንስቶ በነፃ የሚረዳ ድርጅት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የማዘር ቴሬዛ ቤትም ለድሆች ሕሙማን የቆመ ነው። ልጅ እያላቸው «ዘመድ የላቸውም» ብሎ ማስገባት ጎዳና ላይ ያለ ሰው የሚተኛበትን አልጋ መውሰድ ነው፤ ይሄ በፍጹም መደረግ የለበትም። አቅም ያለው ቤተሰብ መፈለግ ያለበት በክፍያ የሚሠሩ የግል ማዕከላትን ወይም ቤት ለቤት የሚመጣ ነርስን ነው። ሕመሙ ተስፋ የሌለውና ስቃዩ የበረታ ከሆነ ደግሞ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ታማሚውን ቤቱ ድረስ ሄደው የሚያስታግሱ አሉ።

«ሕንፃው ካማረና ግቢው አረንጓዴ ከሆነ ጥሩ ነው»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ሂዱ፤ አንዱን በቀጠሮ፣ ሁለተኛውን ሳትናገሩ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ። ቀን ቀን ሁሉም ቦታ ሰው አለው። ሌሊት ስንት ሰው ነቅቶ እንደሚያድር፣ ለስንት ታማሚ እንደሆነ፣ ከመካከላቸው ነርስ መኖሩን ጠይቁ። «ዘበኛው አለ» የሚል መልስ ከሰማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የመድኃኒት መስጫ ወረቀቱን ለማየት ፍቀዱልን በሉ። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ስታዩት ገና ያልደረሰው የዚያን ቀን ምሽት ኪኒን «ተሰጥቷል» ተብሎ ከተፈረመበት እዚያ ቤት ወረቀት የሚሞላው ለይስሙላ ነው። የሌሎቹን አረጋውያን ጥፍርና ከንፈር ተመልከቱ። የደረቀ ከንፈር ውሃ የሚያጠጣቸው ሰው እንደሌለ ይናገራል። የሚያንቀላፉ ሰዎች በብዛት ካያችሁ ማታ ምን እንደሚሰጣቸው ጠይቁ፤ የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ጸጥ ለማሰኘት ማስተኛ መድኃኒት የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉና የማን ሐኪም እንዳዘዘ ማወቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ምሳ ተቀምጣችሁ እዩ። ስትሮክ የመታው ሰው ጋደም ብሎ ከጎረሰ ምግቡ ወደ ሳንባ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያመጣ ይችላል። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ አንዱን ጉርሻ ሳይውጥ ሌላ ሳይጨመርበት መብላት፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኛ መቆየት አለበት። ጉርሻ በላይ በላዩ የሚደራረብበት ቤት በፍቅር ይሁን በጥድፊያ ውጤቱ አንድ ነው።

ከዚያ ውሃና መብራት። ሮቶው ውሃ ሲጠፋ ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ ጀነሬተሩ በርግጥ እንደሚነሳ አስነስተው ያሳዩዋችሁ። ስኳር ያለባቸው ከሆነ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ፍሪዘር ውስጥ ገብቶ ከረጋ ይጣላል። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቦታ ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። የሽንት ቤቱ በር ለዊልቸር ቢያንስ 80 ሳንቲሜትር ይፈልጋል። መወጣጫው ለያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ከሌለው ዊልቸር የሚገፋውም ሰው ይቸገራል።

ፈቃዱንም እዩ። የንግድ ፈቃድ ብቻ ያለው ቤት ማሳደርና መመገብ ይችል ይሆናል፤ ሕክምና እሰጣለሁ ካለ ግን የጤና ተቋም ፈቃድ ሊያሳያችሁ ይገባል።

«ከከተማ ወጣ ያለ ጸጥ ያለ ቦታ ይሻላቸዋል»

ጸጥታውን የሚፈልገው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። አራት ኪሎ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሴት ሱሉልታ ዳር ቢወሰዱ ሊጠይቃቸው የሚሄድ ጓደኛ አይኖርም፤ ብርዱም ይብሳል። መሐል ከተማ ያለ ጠባብ ግቢ፣ ደወሉ ወይም አዛኑ የሚሰማበት፣ ዘውዲቱ ወይም ጥቁር አንበሳ ቅርብ የሆነበት፣ ከአረንጓዴው ግቢ ሊበልጥ ይችላል። ለድንገተኛ ሕመም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ከዳር ከተማ ግን መንገዱ በተዘጋጋ ሰዓት ስንት እንደሚፈጅ አስቡት።

«ወጪው ወርሃዊው ክፍያ ብቻ ነው»

አይደለም። ዳይፐር የሚጠቀም ሰው በቀን 4 ወይም 5 ቢፈልግ በወር ከ120 እስከ 150 ይሆናል፤ ብዙ ቦታ ይህ በክፍያው ውስጥ የለም። መድኃኒት፣ የሐኪም ጉብኝት፣ ወደ ሆስፒታል ማመላለሻ፣ የቁስል ማሸጊያ ለየብቻ ይታሰባሉ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች ዋጋ ስለናረ፣ ክፍያው ሲጨምር ከስንት ወር በፊት እንደሚነገራችሁ በውሉ ይጻፍ። ሆስፒታል ሲተኙ አልጋው ይያዝላቸዋል ወይ? ቢያርፉ የቀረው ገንዘብ ይመለሳል ወይ? እነዚህን ሳይጽፉ መፈረም በኋላ ያጣላል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሕክምናን ይመለከታል እንጂ የማዕከል አልጋ አይከፍልም።

«ውክልናው በኋላ ይደርሳል»

ላይደርስ ይችላል። ውክልና የሚሰጠው ሰው ምን እየፈረመ እንደሆነ የሚያውቅ መሆን አለበት። የመርሳት ሕመሙ ከገፋ በኋላ የሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ወስዳችሁ ማስፈረም አይሆንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ወካዩ ችሎታ ሲያጣ፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ራሱ ይቋረጣል። በዚህ ጊዜ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት አቤት ብሎ ሞግዚት ማሾም ነው፤ እሱም ጊዜ ይወስዳል፣ ጡረታውም እስከዚያ ሳይወጣ ይከርማል። ስለዚህ መርሳት ሲጀምራቸው «እርጅና ነው» ብሎ ከማለፍ ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፤ በዚያው ሰሞን የባንኩንና የጡረታውን ጉዳይ በግልጽ ዘርዝሮ የሚጠቅስ ውክልና ይሰጥ። ስለ ቤትና መሬት ያለው ሥልጣን ለብቻው በስም ካልተጠቀሰ በጥቅሉ «ሁሉንም» ማለት አይበቃም።

«መጀመሪያ ወር አትሂዱ፤ እንዲለምዱ»

በተቃራኒው መጀመሪያ ወር ደጋግሞ መሄድ ነው የሚያስለምዳቸው። አልጋ ልብሳቸውን፣ ነጠላቸውን፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘው ይግቡ። ከገቡ በኋላ በድንገት ከተምታታባቸው «ቦታው አልተስማማቸውም» ከማለታችሁ በፊት የሽንት ኢንፌክሽንና የውሃ ማነስ ይመርመር። ጾም ለሚጾሙ ኪኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ከሐኪሙና ከነፍስ አባታቸው ጋር አስማሙ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም ታሳርፋለች።

የእድር መዋጮ እንዳይቋረጥ። ወላጅ ማዕከል ሲገቡ ወርሃዊው መዋጮ ይረሳል፣ ጥቂት ወራት ካለፈ ደንቡ ስማቸውን ከመዝገብ ሊሰርዝ ይችላል። ሰፈሩ ቢፈርስም ብዙ እድሮች በየወሩ መሰብሰባቸውን አልተዉም። ከልጆቹ አንዱ በወላጁ ስም ይክፈል፣ ለዳኛውም ያሉበትን ማዕከል አድራሻ ይስጥ፤ አባላቱ መጥተው እንዲጠይቋቸው።