ባክሊንክ፦ የሌላ ሰው ምስክርነት በጎግል ፊት

ባክሊንክ ማለት ከሌላ ድረ ገጽ ወደ እርስዎ ድረ ገጽ የሚያመጣ ሊንክ ነው። አንድ የጉዞ ድረ ገጽ ስለ ላሊበላ ሲጽፍ የእርስዎን እንግዳ ማረፊያ ጠቀሰ እንበል። አንባቢው ስሙን ሲጫነው እርስዎ ገጽ ላይ ካረፈ፣ አንድ ባክሊንክ አገኙ ማለት ነው። ራስዎ ከአንዱ ገጽዎ ወደ ሌላው የሚያስገቡት ሊንክ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

ጎግልና መሰሎቹ ይህን ሊንክ እንደ ምስክርነት ያዩታል። ስለ ራሱ ጥሩ ጥሩውን መጻፍ ማንም አያቅተውም። ሌላ ሰው ሳይከፈለው «ይህን እዩት» ብሎ አንባቢዎቹን ሲልክ ግን ቃሉ ሚዛን ይደፋል። ዋጋው በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምስክርነቱ በገንዘብ የተገዛ ከሆነ ዋጋ አይኖረውም።

ሐሳቡ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 አንድ ትልቅ የሳይንስ ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ማውጫው የትኛው ጥናት በየትኞቹ ሌሎች ጥናቶች እንደተጠቀሰ ያሳይ ነበር። ብዙ የተጠቀሰ ጥናት ብዙ ተመራማሪ የተደገፈበት ነው። በ1996 ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን፣ ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ድረ ገጾች አመጡት። ሥራቸውን መጀመሪያ «ባክረብ» አሉት። በ1998 ጎግል የሚባል ኩባንያ ሆነ። ሮቢን ሊ የተባለ ቻይናዊ መሐንዲስም በዚያው በ1996 አሜሪካ ውስጥ ሊንክን የሚመዝን ራንክዴክስ የተባለ መፈለጊያ ሠርቶ ነበር። ኋላ የቻይናውን መፈለጊያ ባይዱን ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት መፈለጊያዎች በዋናነት የሚያዩት የተፈለገው ቃል ገጹ ላይ መኖሩንና ስንት ጊዜ መደጋገሙን ነበር። ያን ማታለል ደግሞ ቀላል ነው። ቃሉን መቶ ጊዜ መደርደር ብቻ ይበቃል። ፔጅና ብሪን «ፔጅራንክ» ያሉት ስሌት ጥያቄውን ለወጠው። ገጹ ስለ ራሱ ምን ይላል ከማለት ይልቅ፣ ሌሎች ስለ እሱ ምን ይላሉ ብሎ ይጠይቃል። የመስካሪውን ማንነትም ያያል። ራሱ በብዙዎች የተጠቆመ ገጽ የሚሰጠው ሊንክ፣ ማንም ከማያውቀው ገጽ ከሚመጣው ይበልጣል። አንድ ገጽ ያለው ክብደት ደግሞ ለሚሰጣቸው ሊንኮች ሁሉ ይከፋፈላል። አምስት ሊንክ የሰጠና አምስት መቶ ሊንክ የሰጠ ገጽ ለእያንዳንዱ የሚያደርሱት እኩል አይሆንም።

ስሌቱ ሊንክ እየተጫነ ከገጽ ገጽ የሚዞር አንድ ሰው ያስባል። ሰውየው 85 በመቶ ባለ ዕድል ካለበት ገጽ ላይ አንዱን ሊንክ ይከተላል። በቀረው 15 በመቶ ሰልችቶት በዘፈቀደ ወደ ሌላ ገጽ ይዘላል። ብዙ ጊዜ የሚያርፍበት ገጽ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኛል። 85 በመቶው ፔጅና ብሪን በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ላይ የተጠቀሰ ነው። ዛሬ ጎግል የሚሠራበት ቀመር ከዚያ እጅግ ሰፍቷል።

ታዲያ ሊንክ አሁንም ያን ያህል ይጠቅማል? በ2016 የጎግሉ አንድሬ ሊፓትሴቭ ሊንክና የገጹ ይዘት ከሁሉ የላቁት ሁለት መመዘኛዎች እንደሆኑ ተናግሮ ነበር። በ2023 ደግሞ ሌላው የጎግል ባልደረባ ጋሪ ኢሊስ ሊንክ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መካከል እንደማይገባ ተናገረ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚገባኝ ይህ ነው። ባክሊንክ እንደ ድሮው ብቻውን አያነግሥም። ተመሳሳይ ጥራት ያላቸው ብዙ ገጾች በሚፎካከሩበት ጉዳይ ላይ ግን አሁንም ልዩነት ይፈጥራል።

ጥሩ ባክሊንክን ከመጥፎው የሚለየው በመጀመሪያ ዝምድና ነው። ስለ ቡና አፈላል የሚጽፍ ገጽ ከቡና ላኪ ድርጅት ሊንክ ቢያገኝ ያስኬዳል። ከመኪና መለዋወጫ መደብር ቢያገኝ ግን ጥያቄ ያስነሳል። ቦታውም ይታያል። በጽሑፉ መሐል፣ አንባቢ ሊጫነው በሚችልበት ቦታ ያለ ሊንክ፣ ገጹ ግርጌ ከተከማቸው ይሻላል። ሊንኩ የተቀመጠበት ቃልም ስለ መድረሻው ገጽ ይናገራል። ይህ የቃሉ ኃይል በ2003 ብዙዎችን አስገርሟል። ሰዎች ተባብረው «አሳፋሪ ውድቀት» ዓይነት ትርጉም ባለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ላይ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽን የሕይወት ታሪክ ገጽ ሊንክ አስቀመጡ። ሐረጉን ጎግል ላይ የፈለገ ሁሉ የኋይት ሐውስን ገጽ መጀመሪያ ላይ ያገኝ ጀመር፤ ሐረጉ ግን ገጹ ላይ የለም። ጎግል ይህን ያረመው በጥር 2007 ነው።

ሊንክ ደረጃ ከፍ እንደሚያደርግ ሲታወቅ ገበያው ደራ። የሚሸጥ ሊንክ፣ «አንተ ለእኔ እኔ ለአንተ» ልውውጥ፣ ሊንክ ለመስጠት ብቻ የተከፈቱ ብሎጎች፣ በሰው አስተያየት መስጫ ሥር የሚለጠፍ ማስታወቂያ መጣ። በዚህ ረገድ በደንብ የተመዘገበው ታሪክ የአሜሪካው ትልቅ የሱቅ ሰንሰለት የጄሲ ፔኒ ነው። በ2010 መጨረሻ በነበረው የበዓል ገበያ ወቅት ኩባንያው በቀሚስ፣ በአልጋ ልብስ፣ በምንጣፍ፣ በብዙ የዕቃ ስሞች ጎግል ላይ አንደኛ ይወጣ ነበር። «ሳምሶናይት» የሚለውን የሻንጣ ስም ይዞ ለሚፈልግ ሰው እንኳ ከራሱ ከሻንጣው አምራች ድረ ገጽ ቀድሞ ይታያል። ኒውዮርክ ታይምስ በየካቲት 2011 ምክንያቱን ጻፈ። ከልብስም ከቤት ዕቃም ጋር ምንም በማይገናኙ እጅግ ብዙ ገጾች ላይ ወደ ፔኒ የሚወስዱ ሊንኮች ተበትነው ነበር። ጎግል እርምጃ ወሰደ። ለዚያ የሻንጣ ፍለጋ አንደኛ የነበረው ገጽ በሁለት ሰዓት ውስጥ 71ኛ ሆነ። ኩባንያው ሊንኮቹን አላዘዝኩም አለ። በጎግል ፍለጋ ከፍ ብሎ እንዲወጣ ይሠራለት የነበረውን ድርጅትም አሰናበተ።

በሚያዝያ 2012 ጎግል «ፔንግዊን» የተባለውን ማሻሻያ አወጣ። በሠሩት የሊንክ ክምር ከፍ ያሉ ድረ ገጾች ወደ ታች ወረዱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ባለቤቶች የማይፈልጉትን ሊንክ «አይቆጠርብኝ» የሚሉበት መሣሪያ ተሰጣቸው። በ2016 ፔንግዊን የዋናው ስሌት አካል ሆኖ ያለማቋረጥ መሥራት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መጥፎ ሊንክ በአብዛኛው ዝም ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ «በዚህን ያህል ብር አምስት ሺህ ባክሊንክ» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው ገንዘቡን ኪሱ ውስጥ ቢያቆየው ይሻለዋል። ቢበዛ ምንም አያገኝም፤ ቢከፋ ስሙን ያበላሻል።

ለሊንክ በሕጋዊ መንገድ መክፈልም ይቻላል፤ ማስታወቂያ ነውና። ግን ምልክት ያስፈልገዋል። «ኖፎሎው» የሚባለው፣ መፈለጊያውን «ይህን ሊንክ እንደ ምስክርነት አትቁጠረው» የሚለው ምልክት የመጣው በ2005 ነው፤ በአስተያየት መስጫዎች የሚለጠፈውን ቆሻሻ ለመግታት። በ2019 ለተከፈለበት ሊንክ «ስፖንሰርድ»፣ ተጠቃሚዎች ለለጠፉት «ዩጂሲ» የሚሉ ምልክቶች ተጨመሩ።

ይህ ነጥብ ለእኛ አገር በጣም ያገባናል። ንግዳችንም ወሬያችንም ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ነው። ደንበኛ እዚያ ይገኛል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጋራ ሊንክ በአብዛኛው ኖፎሎው ነው፣ ወይም መፈለጊያው በማይገባበት ግድግዳ ውስጥ ይቀራል። ሺህ ጊዜ ቢጋራም ሰው ያመጣል እንጂ በሊንክ ስሌቱ ውስጥ ብዙም አይቆጠርም።

ከዚህ የበለጠ የሚቆጨኝ ሌላ ልማድ አለ። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች ከሌላው ጽሑፍ ወስደው ግርጌ ላይ «ምንጭ፦ እገሌ» ብለው ስም ብቻ ይጽፋሉ። ሊንክ የለም። ለፍቶ የዘገበው ሰው ስሙ ተጠቅሷል፤ የሚገባውን ምስክርነት ግን አላገኘም። ወሳጁ ገጽ ትልቅ ከሆነ እንዲያውም በሰርች ከዋናው ምንጭ ቀድሞ ሊወጣ ይችላል። ሊንክ መስጠት የራስን አንባቢ ማባረር አይደለም። የአማርኛ ኢንተርኔት እርስ በርሱ ካልተያያዘ መፈለጊያው የትኛው ገጽ የማን ምንጭ እንደሆነ በምን ያውቃል?

ስለዚህ ለጀማሪ ቀላሉ ሥራ ይህ ነው። የድርጅትዎን ስም ጎግል ላይ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ይፈልጉ። ስምዎን ጠቅሰው ሊንክ ያልሰጡ ገጾችን ያገኛሉ። ለአዘጋጁ አጭር፣ ትሕትና ያለው ኢሜይል ይላኩ፤ ከተቻለ ስልክ ይደውሉ። ሥራዎን አስቀድሞ ያወቀልዎት ሰው እሺ ለማለት ቅርብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ነው፤ ሰው ወዶ ሊንክ የሚሰጠው ነገር መሥራት። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮስ የሚቀይር ገጽ ያስቡ። በውጭ ያለ ወገን የልደት ቀኑን ፎርም ላይ ለመሙላት በየጊዜው ይፈልገዋል፤ ያገኘውም ለሌላው ያሳያል። ነጻ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ማውረጃም እንዲሁ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ስለ ጤና መድን ወይም ስለ መንጃ ፈቃድ በጥንቃቄ የተጻፈ መመሪያም ከቤተ መጻሕፍት፣ ከማኅበረሰብ ድርጅትና ከቤተ ክርስቲያን ገጽ ሊንክ ሊያገኝ ይችላል። እነዚህ ተቋማት ሕዝባቸውን የሚልኩበት የአማርኛ ገጽ ይፈልጋሉ፤ ብዙ ምርጫ የላቸውም። ራስዎ የሰበሰቡት መረጃም ይሠራል። የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ በታማኝነት የሚመዘግብ ገጽ ጋዜጠኛው መጥቀሱ አይቀርም።

ማን ሊንክ እንደሰጠዎት ለማየት የጎግል ሰርች ኮንሶል በነጻ ያገለግላል። አህሬፍስና ማጀስቲክ የመሳሰሉት መሣሪያዎች የሚከፈልባቸው ናቸው፤ የተፎካካሪንም ያሳያሉ። «የዶሜን ደረጃ» (ዶሜን የድረ ገጹ የአድራሻ ስም ነው) ብለው የሚሰጡት ቁጥር የኩባንያዎቹ የራሳቸው ግምት ነው፤ ጎግል አይጠቀምበትም።

የተገኘ ሊንክ ሊጠፋም ይችላል። ድረ ገጹ ሲታደስ የገጾቹ አድራሻ ከተለወጠ ሊንኩ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ሠሪውን «የድሮውን አድራሻ በ301 ወደ አዲሱ አዙርልኝ» ማለት ያስፈልጋል፤ 301 አድራሻው ለዘለቄታው መዛወሩን የሚናገር ኮድ ነው። ከዚያም የባሰ አለ፤ የዶሜን ክፍያን መርሳት። ለዓመታት የተጠራቀመ ሊንክ ያለው ዶሜን ሲለቀቅ የሚጠብቁ ነጋዴዎች አሉ። ገዝተው የቁማር ገጽ ያደርጉታል። ጎግል በመጋቢት 2024 ይህን ድርጊት በስም ጠርቶ ከልክሏል። ቢሆንም እርስዎን አምነው ሊንክ የሰጡት ትምህርት ቤትና ማኅበር አንባቢያቸውን ወደ ቁማር ቤት ሲልኩ ይቆያሉ። የዶሜኑ እድሳት በሠራተኛ ስልክና ኢሜይል ሳይሆን በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፣ ክፍያውም ለብዙ ዓመት ቀድሞ ይፈጸም።