ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

ሰሞኑን ስለ ከዋክብት ምርምር ሲወራ አንድ ወጣት «ተዉት እባካችሁ፣ ሰማይ አይታረስ!» ብሎ ጨዋታውን ዘጋው። ሰማይን ማጥናት ከንቱ ልፋት ነው ማለቱ ነው። ተረቱ እንዲህ ያለ ቦታው ሲነገር መስማት ያናድደኛል።

የንጉሡን ነገር ሁሉም ያውቀዋል። እኔ የምወደው የመጀመሪያውን ግማሽ ነው። ይህን ያለው ገበሬ ነው፣ አልጠራጠርም። እንዲያውም «ሰማይ አይታረስ» ብቻውን ሲነገር ኖሮ፣ ንጉሡ ቤት እንዲመታ ብሎ በኋላ የገባ ይመስለኛል። ግምት ነው፤ ግን አልለቀውም።

በልጅነቴ አያቴ ሲያርሱ ከኋላ ከኋላቸው እል ነበር። አፈሩን የሚያውቁት በእጃቸው ነው። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ እርፉ ይነግራቸዋል። መሬቱ ሲጠጥር፣ ሲላላ፣ ሲረጥብ ክንዳቸው ቀድሞ ያውቃል። ዳር ሲደርሱ በሬዎቹን አዙረው በሌላ ትልም ይመለሳሉ። በሁለተኛው እርሻ ደግሞ የፊተኛውን ትልም አቋርጠው ያርሳሉ፤ ያልተነካ መሬት እንዳይቀር። እንዲህ ላለ ሰው ማወቅ ማለት መንካት ነው። ሰማይ ላይ ግን እርፍ አይጨበጥም። ገበሬው «እጄ አይደርስበትም» አለ እንጂ «አትዩት» አላለም። ዝናብ የሚጠብቅ ሰው ሰማይን አትዩ ሊል ነው?

ደግሞም ሰማዩን በዓይናቸው ያረሱ ሰዎች አሉ። የሰማይ ተመራማሪው ዊልያም ኸርሸል በ1781 ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ስም ሊሰይማት ፈለገ፤ ንጉሡም ደመወዝ መደቡለት። ትልቁ ሥራው ግን ከ1783 በኋላ የመጣው ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ደቡብ አዙሮ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። መሬት ስትዞር ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። በሌላ ሌሊት ቀጣዩን ቁራጭ ይይዛል። እሱ ያየውን ይጠራል፣ እህቱ ካሮሊን ትጽፋለች። ትልም በትልም ሄደው ወደ 2,500 የሚጠጉ የብርሃን ጭጋጎችንና የከዋክብት ክምችቶችን መዘገቡ። ካሮሊን ራሷም በ1786 ጅራታም ኮከብ አግኝታለች።

«እጅ አይደርስም» የሚለው ግን ሊቃውንትንም ይዞ ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1835 ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ ሰው ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም ብሎ ጻፈ። ሄዶ ቆንጥሮ የሚያመጣ የለማ! ኮምት በ1857 ሞተ። በ1859 ጀርመን ውስጥ ኪርሆፍና ቡንሰን የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች መንገዱን አገኙት። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ሲግል የራሱ የሆኑ የቀለም መስመሮች አሉት። የፀሐይ ብርሃን በፕሪዝም (ብርሃንን በየቀለሙ በሚለይ መስታወት) ሲበተን ደግሞ በመካከሉ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ጥቁሮቹ መስመሮች ከየትኛው ንጥረ ነገር መስመሮች ጋር እንደሚገጥሙ ማመሳከር ነው። ብርሃኑ የኮከቡን አፈር እቤት ድረስ ያመጣል።

በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከሚታወቅ ነገር ሁሉ ጋር የማይገጥም ቢጫ መስመር ታየ። ያልታወቀውን ንጥረ ነገር ሂሊየም አሉት። መሬት ላይ የኬሚስትሪ ሊቁ ዊልያም ራምሴ ከማዕድን ውስጥ ለይቶ ያወጣው በ1895 ነው። አስቡት፣ አዝመራው ከመሬት 27 ዓመት ቀድሞ ከሰማይ ተሰበሰበ!

ተረቱን በቦታው መጠቀም የፈለገ፣ በ1633 ሮም ውስጥ የቆመውን ጋሊሊዮን ያስብ። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ተከሰሰ፤ ከሳሾቹን ግን ማን ይከሳቸዋል? ወዳጆቹ ያኔ ቢተርቱት ያምርባቸው ነበር። ተረቱ ሥልጣን ፊት አቅም ላጣ ሰው ነው። የሚጠይቅ ልጅን ዝም ለማሰኘት ማዋል ነውር ነው። ልጁ «ፀሐይ ከምን ተሠራች?» ካለ መልስ አለው፤ አብዛኛው ሃይድሮጅን፣ ቀጥሎ ሂሊየም። ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን ያሳየችው የከዋክብት ተመራማሪዋ ሲሲሊያ ፔን ናት፣ በ1925። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ሊሆን አይችልም ብሏት፣ በ1929 ራሱ እዚያው መልስ ላይ ደረሰ። ልጁን ይህን ንገሩት።