አስማት፦ ከ«ስሞች» እስከ «አስማታዊ»

አስማት በዛሬው አማርኛ ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። በአንድ በኩል ከመተት፣ ከድግምትና ከጥንቆላ ጋር ተደምሮ ይፈራል። በሌላ በኩል «አስማታዊ» ሲባል ልብን የሚያፈዝ ደስታ ነው፦ አስማታዊ ድምፅ፣ አስማታዊ ምሽት፣ ኳስ እግሩ ላይ የምትጣበቅለት አስማተኛ ተጫዋች። መነሻው ግን ከሁለቱም ይርቃል። በግእዝ አስማት የ«ስም» ብዙ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙ «ስሞች» ነው። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላትም ቃሉ የተቀመጠው በ«ስም» ሥር ነው። አማርኛ ብዙውን እንደ ነጠላ ስለወሰደው ዛሬ «አስማቶች» ይባላል፤ እንደ «መላእክቶች» ሁሉ በብዙ ላይ ብዙ ተጨምሮበት።

ስም እንዴት አስማት ሆነ ለሚለው መልሱ ያለው በጸሎት መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። እምነቱ አምላክ ከተገለጡት ስሞቹ ሌላ ኅቡዕ ስሞች አሉት፣ እነሱን መጥራትም አጋንንትን ያርቃል የሚል ነው። በ«መጽሐፈ አርድእት» ጌታችን ስሞቹን ለደቀ መዛሙርቱ ይገልጣል። ክታቦች ደግሞ ስሞቹን ከደረደሩ በኋላ «በኃይለ ዝንቱ አስማት» ብለው ልመናውን ያስከትላሉ፤ በእነዚህ ስሞች ኃይል ማለት ነው። ይህን ደጋግሞ የሰማ ምእመን የስሞቹን ዝርዝር ራሱን አስማት ቢለው አያስገርምም። ጎረቤት ቃላቱ መንገዳቸው ሌላ ነው። ድግምት የመጣው ዳዊት ከሚደገምበት «ደገመ» ነው። ምትሐት ለዓይን የሚታይ ግን የሌለ ነገር ነው። ጠልሰም፣ ማለትም የመከላከያ ሥዕል፣ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ ግሪክኛ ነው። ክታብም ከዐረብኛ ሳይገባ አልቀረም፤ «ከተበ» ከሚለው ግስ የሐኪም ቤቱን «ክትባት» ጭምር አግኝተናል።

ከስሞቹ በጣም የታወቁት ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ ናቸው። በእኛ ትውፊት የ5ቱ ቅንዋተ መስቀል (ጌታ የተቸነከረባቸው ችንካሮች) ስሞች ይባላሉ። ከቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ (እ.ኤ.አ. 79) በፊት በፖምፔ ግድግዳ ላይ ከተጻፈው «ሳቶር አሬፖ ቴኔት ኦፔራ ሮታስ» ከሚለው የላቲን ካሬ ጋር አንድ መሆናቸው ግልጽ ነው። የላቲኑ ትርጉም ለተመራማሪዎች እስካሁን ክርክር ነው፤ ለእኛ ሊቃውንት ግን ስሞቹ ያለ ክርክር ቦታቸውን ይዘዋል።

ስለ አክሱም ዘመን የሚባለው ጥቂት ነው። በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ጊዜ ግን ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ንጉሡ ደስክና ዲኖ የተባሉትን መናፍስት ማምለክን አጥብቀው አወገዙ፤ ሕዝቡም በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በክንዶቹ ሰይጣንንና ደስክን የሚክድ ቃል እንዲጽፍ አዘዙ። አስማትን የተዋጉት ቅዱስ ስምን በገላ ላይ በመጻፍ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ በእጅ የሚገኙት ክታቦች አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ ናቸው፤ ስለ አሠራሩ የምናውቀውም ከእነዚሁ ነው። ጸሐፊው ደብተራ ነው፤ ዜማና ቅኔ የተማረ፣ ቁም ጽሕፈት የሚያውቅ ባለሙያ። ቆዳው የፍየል ወይም የበግ ነው። ውኃ ውስጥ ከከረመ በኋላ በመወጠሪያ እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፣ ጠጉሩ ይላጫል፣ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። ስቡ በደንብ ካልወጣ ቀለሙ አይይዝም፤ ፊደሉ ተንጠባጥቦ ይቀራል። ከዚያ ብራናው በቁመት ይቆረጥና ብዙ ጊዜ 3 ቁራጭ በቀጭን የቆዳ ጠፍር ተሰፍቶ አንድ ይሆናል። ወርዱ ከ7 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱ በደንቡ የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ ከራስ እስከ እግር ይሸፍናል ተብሎ ነው።

መስመሩ በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ፣ ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ተበጥብጦ ለወራት ይቆያል። ሙጫው ካነሰ ፊደሉ በእጅ ይለቃል፤ ከበዛ ደግሞ ክታቡ ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ቀዩ ለመክፈቻው፣ ለቅዱሳን ስሞችና ለባለቤቱ ክርስትና ስም ይውላል። መክፈቻው «በስመ አብ» ብሎ «ጸሎት በእንተ ሕማመ ዓይነ ጥላ» ወይም «በእንተ ማዕሠረ አጋንንት» (አጋንንትን ስለ ማሰር) እያለ የሚፈለገውን ይጠራል። ፅንስ ለሚጨነግፍባት ወይም ሕፃን ለሚሞትባት ደግሞ የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ይጻፋል፤ ቅዱሱ በፈረስ ሆኖ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት ይሣላል። ከባለቤቶቹ ብዙዎቹ ሴቶች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕሉ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ፣ በመሃልና በመጨረሻ ይገባል፦ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ባለ 8 ጫፍ ኮከብ፣ አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች።

ትልቁ ፈተና ግልበጣው ነው። ጸሐፊ የግእዝ ቃል ቢሳሳት ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ ያርማል። ኅቡዕ ስም ግን ከቀኝም ከግራም የሚያስረዳው ስለሌለ አንዴ የተሳተ ፊደል ተሳስቶ ይወረሳል። ስለዚህ ያው ስም በሁለት ክታብ ሁለት መልክ ይኖረዋል።

የተጠናቀቀው ክታብ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋና በአንገት ይንጠለጠላል፤ ትልልቁ ቤት ውስጥ ይሰቀላል። ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የቀድሞው ስም ተፍቆ አዲሱ ይጻፋል፤ በአንዳንዱ ላይ የፍቀቱ ቦታ ሳስቶ ይታያል። ልፋፈ ጽድቅ ግን አይተላለፍም፤ ከሟቹ ጋር የሚቀበር ነው።

ቤተ ክርስቲያን ጥንቆላንና መተትን ታወግዛለች፤ ይህ አያከራክርም። የአምላክን ስም ለፈውስ መጥራት ግን ከዚያ ጋር መደመር የለበትም የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ክታብን በጅምላ የሚነቅፉም አሉ። የሙያው ጥንቃቄ፣ ፊደሉና ሥዕሉ ግን ከማንኛውም የብራና ሥራ አያንስም።

በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የነበረው የማርሴል ግሪዮል የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ብዙ ክታቦች ወደ ፓሪስ ወስዷል፤ በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትም የሚታዩ ናቸው። በገበያ የሚሸጠው እውነተኛ ክታብ መሆኑን ለይቶ ለማወቅ ሦስት ነገር ይታያል፦ የወስፌ መስመር መኖሩ፣ ጽሑፉ ተነቦ ግእዝ መሆኑና የባለቤት ስም ወይም የተተወለት ባዶ ቦታ። ለቱሪስት በጭስ የጠቆረ አዲስ ብራና ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ይደረደራል። እውነተኛ ጥንታዊ ክታብ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት አይቻልም።